ቀሪቦና ጠጅ በኤሌክትሪክ ሲፈሉ፤ የማፍያ ድስት ማሞቂያ አመራረጥ

ለቤት ውስጥ ጠመቃ የሚውል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ በተለምዶ ሬዚስታንስ የሚባለው፣ በዋት ብዛት ብቻ አይመረጥም። እኩል 3,000 ዋት ከተጻፈባቸው ሁለት ማሞቂያዎች አንዱ መጠጡን በወጉ ሲያፈላ ሌላው ሊያሳርረው ይችላል። አንድ ቤት ያለ ችግር የሠራ ማሞቂያም ጎረቤት ቤት ሲሰካ ሶኬት ሊያቀልጥ ይችላል። ምርጫውን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የሚፈላው መጠጥ፣ የቤቱ መስመር አቅም፣ ጉልበቱ የተበተነበት የብረት ገጽ ስፋትና የብረቱ ዓይነት። ከእነዚህ ቀጥሎ የመቆጣጠሪያውና የግራውንዱ ጉዳይ ይመጣል።

የሚፈላውና የማይፈላው

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ዋጃና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ዋናው እህል ማሽላ ነው፤ ጠላውም ከማሽላ ይጠመቃል። ጠላ ግን አይፈላም። ብቅሉ፣ ጌሾውና እንኩሮው በውሃ ተደፍድፎ በራሱ ጊዜ ይብላላል። እሳት የሚፈለገው እንኩሮውን ለማመስና ቂጣውን ለመጋገር ሲሆን ይህም የምጣድ ሥራ ነው። ስለዚህ ጠላ ጠማቂዋ ከድስት ማሞቂያ የምታገኘው ጥቅም ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን የፈላ ውሃ ነው።

ቀሪቦ ከዚህ ይለያል። በወሎ በተለይ በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ የሚወደደው ይህ መጠጥ የሚሠራው ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ በውሃ ከፈላ በኋላ ነው፤ ውሃው ተጣርቶ ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ይገባበትና ያድራል። ጠጅ ከሚጥሉትም መካከል ጌሾውን ከብርዙ በተቀነሰ ፈሳሽ አፍልተው ወደ ጋኑ የሚመልሱ አሉ። ቢራን በቤቱ መጥመቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከብቅል የወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሆፕ ከሚባለው ዕፅ ጋር ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ማፍላት አለበት። ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ይህን የሚሠሩት በእንፋሎት ነው፤ በቤት ደረጃ ግን ፈሳሹ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበቃል።

አረቄ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። የአረቄ ድፍድፍ ወፍራም ስለሆነ ማሞቂያውን ከቦ ይይዝና ያርራል። ከዚህም በላይ የአልኮል እንፋሎት በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ የላላ የሽቦ ማያያዣ የሚተፋው ፍንጣሪ ቤት ለማቃጠል ይበቃል። ቀጥሎ የሚቀርበው ምክር ሁሉ ቀጭን ፈሳሽ ለሚያፈሉት ነው።

ምን ያህል ጉልበት ይበቃል?

አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.19 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ዋጃና ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አርባ ሊትር ውሃን ከ25 ወደ 95 ዲግሪ ለማድረስ 11,700 ኪሎጁል ገደማ ይፈጃል፤ በቆጣሪ ቋንቋ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከድስቱ ጎንና ከአፉ የሚያመልጠው ሙቀት ሲታከልበት 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ቢያዝ ከእውነቱ አይርቅም።

ከዚህ የሚወጣው ጊዜ ግልጽ ነው። 2,000 ዋት ማሞቂያ አርባ ሊትሩን ለማፍላት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ይፈጅበታል። 3,000 ዋት ያለው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያደርሰዋል። 5,500 ዋት ያለው አርባ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ግን 25 አምፔር ስለሚስብ ተራ የቤት ሶኬት አይችለውም።

ማድረስ አንድ ነገር ነው፤ እየተንፈቀፈቀ እንዲቆይ ማድረግ ሌላ። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። አርባ ሊትር ቢራ በሰዓት አራት ሊትር እንዲተን ከተፈለገ ለዚሁ ብቻ 2,500 ዋት ያስፈልጋል። ለቀሪቦና ለጌሾ ያን ያህል ኃይለኛ ፍል አስፈላጊ አይደለም፤ ድስቱ በግማሽ ከተከደነ 1,500 ዋት እንኳ ፍሉን ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ ቢራ ለሚጠምቅ 3,000 ዋት ዝቅተኛው ልክ ሲሆን ሃያ ሊትር ቀሪቦ ለምታፈላ እናት 2,000 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

በእንጨት ሲታሰብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በሦስት ጉልቻ የሚነድ እሳት ከሙቀቱ ለድስቱ የሚያደርሰው ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው አርባ ሊትር ውሃ እስኪፈላ ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ ደረቅ እንጨት ይበላል። ፈሳሹ ውስጥ የጠለቀ ማሞቂያ ግን የሚያወጣውን ሙቀት በሙሉ ለፈሳሹ ያስረክባል፤ ኪሳራው ከዚያ በኋላ ከድስቱ የሚያመልጠው ብቻ ነው።

መስመሩ የሚሸከመው

በኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ዋቱ በ220 ሲካፈል ማሞቂያው የሚስበው አምፔር ይገኛል፦ 2,000 ዋት 9 አምፔር፣ 3,000 ዋት 13.6 አምፔር፣ 3,500 ዋት 16 አምፔር። ተራ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው 16 አምፔር ነው፤ እሱም አጥብቆ የሚይዝና ያልተቃጠለ ከሆነ። ሰዓታት ለሚዘልቅ ሥራ ከ3,000 ዋት በላይ በተራ ሶኬት መሰካት አይመከርም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ግማሹን ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚስብ ለእሱ ተብሎ ከብሬከር በቀጥታ የተዘረጋ መስመር ማሞቂያውንም ይሸከማል፤ በአንድ ጊዜ ግን አይደለም። ምጣዱና 3,000 ዋት ማሞቂያው አብረው ቢበሩ ወደ 30 አምፔር ይጠጋሉ። የእንጀራ ቀንና የጠመቃ ቀን መለየት አለባቸው።

የሽቦው ውፍረት ለይስሙላ አይታይም። ለ3,000 ዋት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ባለ 4 ያስፈልጋል። ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ማሞቂያ መቀጠል ግድግዳ ውስጥ እሳት መቅበር ነው። ኤክስቴንሽን የግድ ከሆነም ተጠቅልሎ እንዳለ መሥራት የለበትም፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጠዋል።

የቮልቴጅ መዋዠቅም ምርጫውን ይነካል። የማሞቂያ ጉልበት የሚጨምረውና የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ምሽት ላይ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ 3,000 የተጻፈበት ማሞቂያ የሚሰጠው 2,000 ዋት ብቻ ነው፤ ፍሉም ይከስማል። ለጠመቃ ጠዋትን ወይም ቀትርን መምረጥ ከማሞቂያ መቀየር ይረክሳል።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣ ዕቃ ሲሆን ደግሞ የተጻፈበትን ቮልት ማንበብ ግዴታ ነው። 240 ቮልት 5,500 ዋት የሚለው እዚህ ሲሰካ 4,600 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ ማሞቂያው አይጎዳም፤ ተራ ሶኬት ግን አይችለውም። 120 ቮልት 1,500 ዋት የሚለው ግን በ220 ሲሰካ ወደ 5,000 ዋት ዘሎ ራሱንም ሶኬቱንም ያቃጥላል። ጽሑፉ የጠፋበት ዕቃ በመልቲሜትር ይፈተናል፦ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 24 ኦም ካነበበ በ220 ቮልት 2,000 ዋት፣ 16 ኦም ካነበበ 3,000 ዋት ነው።

መጠጡን የሚያሳርረው ምንድን ነው?

የጠላቂ ማሞቂያ ሥሪት ቀላል ነው። መሃሉ ላይ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ የሆነ ጥምዝ ሽቦ አለ፤ ይህን ቅይጥ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ሽቦው ማግኒዥየም ኦክሳይድ በሚባል ነጭ ዱቄት ይታሸግና ከውጭ የብረት ቱቦ ይለብሳል። ዱቄቱ ሙቀትን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪክን ይከለክላል። ፈሳሹን የሚነካው የውጭው ቱቦ ብቻ ነው።

ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያርረው የቱቦው ገጽ ከመጠን በላይ ሲግል ነው። መለኪያውም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ የሚያርፈው ዋት ነው። ለንጹህ ውሃ የተሠሩ አጫጭር ማሞቂያዎች እስከ 23 ዋት ይደርሳሉ። ብቅል፣ ማር ወይም ስኳር ላለበት ፈሳሽ ግን ከ8 ዋት መብለጥ የለበትም። አንድ ማሞቂያ የተጻፈበት ዋት ትልቅ ሆኖ ቱቦው አጭር ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ በጠባብ ቦታ ተጨናንቋል ማለት ነው።

ይህን ሱቅ ውስጥ ቆሞ በክር መለካት ይቻላል። ክሩ የቱቦውን ጥምዝ ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋና ርዝመቱ በሜትር ይለካል። ቱቦው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አንድ ሜትሩ 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው፤ በ8 ዋት ልክ 2,000 ዋት ይሸከማል። ስለዚህ ለ3,000 ዋት አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ያስፈልጋል። ያው 3,000 ዋት በሃምሳ ሴንቲ ሜትር ቱቦ ላይ ከታየ ለሻይ ውሃ ይሁን እንጂ ለጠመቃ አይሆንም። ደጋግሞ የታጠፈ ረጅም ማሞቂያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ጥሩ ማሞቂያም ቢሆን አሠራሩን ካላገኘ ያሳርራል። የተቆላው ገብስ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ከተበተነ ፍሬው ወርዶ በቱቦው እጥፋቶች መካከል ይቀረቀራል፤ ሲያርርም መራራ የከሰል ጣዕም ለመጠጡ ሁሉ ይሰጣል። መፍትሔው ገብሱን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ ከማሞቂያው በላይ እንዲንሳፈፍ ማንጠልጠል ነው። ጌሾም እንዲሁ። ስኳር ደግሞ ማሞቂያው ጠፍቶና መጠጡ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚገባው፤ ታች የተኛ ያልሟሟ ስኳር የጋለ ቱቦ ሲነካ ወዲያው ይከስላል። ብርዝም ማሞቂያው ከመብራቱ በፊት በደንብ መማሰል አለበት፤ ማር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል።

የብረቱ ዓይነትና የራያ ውሃ

በገበያ ላይ የሚገኙት ቱቦዎች በአብዛኛው መዳብ፣ ስቴንለስ ስቲል ወይም ኢንኮሎይ የሚባል የኒኬል፣ የብረትና የክሮሚየም ቅይጥ ናቸው። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን እንደ ጠጅና ቢራ ያለ ኮምጠጥ ያለ ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ውሃ አልባ ሆኖ ከበራም ፈጥኖ ይበላሻል። ስቴንለስ ስቲል ጣዕም አይሰጥም፣ አይዝግም፣ ለማጠብም ይመቻል። ኢንኮሎይ ከሁለቱም የበለጠ ግለት ይችላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ለምግብ ሥራ ሁለቱ የኋለኞቹ ይመረጣሉ። ዚንክ የተቀባ ማንኛውም ክፍል፣ ቡሎንም ጭምር፣ ከመጠጥ ጋር መገናኘት የለበትም፤ አሲድ ዚንክን ያሟሟዋል።

ድስቱም ከማሞቂያው ጋር መስማማት አለበት። ስቴንለስ ድስት ከስቴንለስ ማሞቂያ ጋር ዕድሜው ረጅም ነው። አሉሚኒየም ድስት ላይ የመዳብ ማሞቂያ ከታሰረ ሁለቱ ብረቶች ፈሳሹ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ በማሰሪያው ዙሪያ እየተበላ ይሄዳል። በፕላስቲክ በርሜል ማፍላት ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

በራያ ቆላ የመጠጥ ውሃ በብዛት ከከርሰ ምድር ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲኖርበት በፈላ ቁጥር በቱቦው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ በሻይ ማፍያ ውስጥ የሚታየው ያው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያሳልፍ ውስጡ ያለው ሽቦ ከልክ በላይ ይግልና ይበጠሳል። ገጹ ሰፊ የሆነ ማሞቂያ ለዚህም ይሻላል፤ ቅርፊት ቶሎ አይይዝበትም። የያዘውን በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ በተቀላቀለ ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ያስለቅቀዋል። በቢላዋ መፋቅ ግን ቱቦውን ይጭረዋል።

ከሚገኙት ውስጥ የትኛው?

ርካሹ በባልዲ ውስጥ የሚንጠለጠለው ባለ ሽቦ እጀታ ማፍያ ነው። ብዙዎቹ ሁለት እግር ብቻ ያለው ሶኬት ስላላቸው ግራውንድ የላቸውም፤ ቱቦውም አጭር ነው። ለመታጠቢያ ውሃ እንጂ ለጣፋጭ መጠጥ አይሆንም፤ በብረት ዕቃ ውስጥ መጠቀሙም አደገኛ ነው።

ክፍት ጥምዝ ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠጡን ባይነካም ከሙቀቱ ከፊሉ ወደ አየር ይሄዳል። አርባ ሊትር የያዘ ድስት ክብደትም የምድጃውን ሸክላ ይሰብራል። ለአሥር ሊትር ግን ይሠራል።

የሻወር ቦይለር ሬዚስታንስ በየከተማው የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። በአብዛኛው 1,500 ወይም 2,000 ዋት ስለሆነ ለመስመሩ አይከብድም። ሁለት ተደርጎ በአንድ ድስት ላይ ሲገጠም አንዱን እያጠፉ ፍሉን ማመጣጠን ይቻላል። ጉዳቱ ብዙዎቹ መዳብ መሆናቸው ነው፤ ስቴንለሱን ጠይቆ መግዛት ይገባል።

ለጠመቃ ተብሎ የሚሠራው በድስቱ ጎን ተበስቶ በጥርስና በጎማ የሚታሰረው ረጅም እጥፍ ማሞቂያ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ነገር ግን ጥርሱ በአሜሪካና በአውሮፓ ልኬት ስለሚለያይ ማሞቂያውና ማሰሪያው አንድ ላይ ተገጥመው ሳይታዩ ድስት መብሳት አያዋጣም። ጎማው ሙቀት የሚችል ሲሊኮን መሆን አለበት።

መቆጣጠሪያው

ብዙ ሰው ቴርሞስታት ካለው ማሞቂያ የበለጠ ነገር የለም ይላል። ለማፍላት ግን ቴርሞስታት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ የቱንም ያህል ጉልበት ቢጨመር ሙቀቱ ከፍ አይልም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ነው። ዋጃ ላይ በ98 ዲግሪ እንዲያጠፋ የተስተካከለ ቴርሞስታት ድስቱ ደርቆ ቱቦው እስኪጋለጥ ድረስ አያጠፋም፤ ምክንያቱም ፈሳሹ ከ95 ገደማ አያልፍም። የፍሉን ኃይል የሚያስተካክለው ዋቱን መቀነስ ነው። ቀላሉ መንገድ ሁለት ማሞቂያ በሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከፍ ያለው ደግሞ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ በሚባል ዕቃ ጉልበቱን በመቶኛ መቀነስ ነው፤ ይህ ዕቃ ራሱ ስለሚግል ሙቀት የሚበትን አሉሚኒየም ላይ መታሰር አለበት።

ግራውንድና ፍተሻ

ቱቦው አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ወደ ፈሳሹና ወደ ብረት ድስቱ ይሻገራል። ድስቱ ከግራውንድ ሽቦ ጋር ከታሰረ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ካልታሰረ ግን ማማሰያ የያዘው እጅ መንገዱ ይሆናል። ስለዚህ ሦስተኛው ሽቦ በድስቱ አካል ላይ በቡሎን መታሰር አለበት፤ ሽቦውም የሚደርሰው መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ትክክለኛ የግራውንድ ዘንግ መሆኑ በባለሙያ ይረጋገጥ። ከዚህ በተጨማሪ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚያጠፋ መከላከያ ብሬከር ያስፈልጋል። ተራው ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን አይጠብቅም።

ከእያንዳንዱ ጠመቃ በፊት ሶኬቱ ሳይሰካ በመልቲሜትር በማሞቂያው ጫፍና በቱቦው መካከል ይለካል፤ ምንም መተላለፍ መኖር የለበትም። ለወራት ተቀምጦ የቆየ ማሞቂያ ውስጡ ያለው ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ሊያፈተልክ ይችላል፤ ደረቅ ሙቀት ባለበት ቦታ አድሮ እንደገና ይለካ። ፈሳሹ ከቱቦው በላይ ቢያንስ አራት ጣት ሳይደርስ አይሰካም፤ ድስቱ ከመገልበጡ በፊት ይነቀላል። መብራት ከሄደም ወዲያው መንቀል ይገባል፤ ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ ባዶ ድስት እንዳያገኝ።

ለዋጃና ለአካባቢዋ ቤቶች የሚስማማው ምርጫ እንግዲህ ይህ ነው፦ እስከ አርባ ሊትር ለሚያፈላ 3,000 ዋት፣ 220 ቮልት፣ ቱቦው ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ስቴንለስ ማሞቂያ፤ እስከ ሃያ ሊትር ለሚያፈላ 2,000 ዋትና አንድ ሜትር ቱቦ፤ መስመሩ የምጣዱ፣ ሽቦው ከባለ 2.5 የማያንስ፣ ግራውንዱ የታሰረ። በጀት ካነሰ የሚቀነሰው ዋቱ ይሁን፤ የቱቦው ርዝመትና ግራውንዱ አይነኩ።